ካርዱ አልገደለውም

ወጣቱ የኮምፒውተር ጠጋኝ ክብሩ በጀርባው ተዘርሮ የተገኘው፣ ስድስት ወር ሙሉ ሲጠበቅ የነበረው፣ የጌም ምስል የሚያፈጥነው ግራፊክስ ካርድ ሀዋሳ በገባ በማግስቱ፣ በ2008 ክረምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። እግሩ ባዶ ነው። የቀኝ መዳፉ መሐል የሳንቲም ያህል ጠቁሯል። ከራሱ በላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ የጎን ክዳኑ የተነሳ ኮምፒውተር ሆድ ዕቃውን አሳይቶ ቆሟል።

ኢንስፔክተር ሙሉጌጥ ስትደርስ ሰዉ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለው የጋሽ ሱሌይማን ኮምፒውተር መሸጫና ጌም ቤት በር ላይ የተኮለኮሉት ወጣቶች፣ ባጃጁን አቁሞ አንገቱን የሚያሰግገው ሾፌር፣ አብሯት የመጣው ፖሊስ ሳይቀር አንድ አፍ ሆነዋል። ካርዱ ገደለው፤ ልጁ ካርዱን ከአቅሙ በላይ አስሮጣለሁ ሲል ኤሌክትሪክ መታው። አዛዡም በስልክ ያሏት ይህንኑ ነበር። «የራሱ ቸልተኝነት ነው። እስከ ስምንት ሰዓት ፋይሉን ዝጊው።»

ሙሉጌጥ ክፉ አሳቢ ናት። ልጇ ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ከዘገየች የተገለበጠ ባጃጅ ይታያታል፤ ስልክ ሳይታሰብ ከጮኸ የምትጠብቀው መርዶ ነው። ባሏ በዚህ ይስቅባታል። እሷ ግን ክፉውን አስቀድሞ የሚያስብ ሰው፣ ክፉ ሠሪው የት እንደሚረግጥም አስቀድሞ እንደሚያውቅ በሥራዋ አይታለች። ሬሳው ሳይነሳ ፋይሉን ዝጊው ስትባል ደግሞ ይብስባታል።

የክብሩ እናት ወይዘሮ ተዋበች ከቡሹሎ በባጃጅ መጥተው ደጁ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀዋል፤ አያለቅሱም። ሙሉጌጥን እጇን ያዟት።

«እህቴ፣ ልጄ በገዛ እጁ ሞተ እያሉ ነው። ነገ ስቀብረው ለቀስተኛው ሁሉ ይህንኑ ሊለኝ ነው፤ ለፍጥነት ሲል ራሱን ያጠፋ ሞኝ። ልጄ ሞኝ አልነበረም። ሌላ ምንም አልለምንሽም፣ ይህን አጣሪልኝ።»

ሙሉጌጥ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፈታች። በዚህ ቤት ጭቃና አቧራ የማሽን ጠላት ነውና ማንም ጫማ አድርጎ አይገባም። የክብሩ ሸራ ጫማ በሩ ሥር ተርከዙ ግድግዳውን ነክቶ ተደርድሯል። የሲሚንቶው ወለል ጠዋት ጠዋት በውኃ ይወለወላል፤ ዛሬም ክብሩ ራሱ ወልውሎታል፤ መወልወያው ጥግ ላይ ቆሟል።

ዓይኗ ከወለሉ አልተነሳም። ጠረጴዛው ሥር፣ ከግድግዳው ሶኬት አጠገብ፣ የደረቀ የጭቃ ምልክት አገኘች። ግማሽ የጫማ ዳና ነው፤ ሶሉ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ። ካርቶን ከደነችበትና ማንም እንዳይነካው አዘዘች። ከዚያ የኮምፒውተሩን ገመድ አነሳች። ጫፉ ላይ ያለው ስፒና አዲስ፣ ባለሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው። ሶኬቱን አየች። ሁለት ክብ ቀዳዳ። ገመዱን መልሳ አስቀመጠችው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ናዲያን ነው። የጋሽ ሱሌይማን የወንድም ልጅ ናት፤ ደንበኛ የምትቀበለውም፣ ሬሳውን ያገኘችውም እሷ ናት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስትገባ ወለሉ ገና እርጥብ ነበር።

«ነካሽው?»

«ትከሻውን ይዤ ነቀነቅኩት።»

«በባዶ እግርሽ?»

«አዎ።»

«አልነዘረሽም?»

«ኧረ ምንም።»

«ሶኬት ነቅለሻል?»

«አልነቀልኩም። እጄ ከእሱ በቀር ምንም አልነካ።»

ናዲያ ስለ ካርዱም ነገረቻት። ካርዱን ትናንት ማታ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ያመጣው የቤቱ ዋና ጠጋኝ ሰይፈሚካኤል ነው። ክብሩ ከነከረጢቱ በእጁ መዘነውና ቀለል ይላል፣ ነገ እናየዋለን ብሎ አስቀመጠው።

«ካርድ ከመንካቱ በፊት ምን ያደርጋል?» አለች ሙሉጌጥ።

«የኮምፒውተሩን ብረት በመዳፉ ይጨብጣል። ሰውነታችን ላይ የምትቀረው ትንሽ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳታበላሽ ነው። ሳይጨብጥ ካርድ አይዝም። 'ሰላም አለው' እያልን እንስቅበት ነበር።»

ቀጥሎ ሙሴ መጣ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ስድስት ወር ካርዱን ከጠበቁት አንዱ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ያስቆጣው ግን ሞቱ ብቻ አልነበረም።

«ካርዱ ገደለው የሚለው ሰው ካርድ አይቶ አያውቅም» አለ። «እዚያ ሳጥን ውስጥ ያለው እንደ መኪና ባትሪ አሥራ ሁለት ቮልት ነው። ካርዱን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ሲያስሮጡት፣ ኦቨርክሎክ ነው የምንለው፣ ይግላል፣ ይጠፋል። ቢበዛ ካርዱ ይሞታል። ሰው አይሞትም።»

«ለምን ይህን ያህል ጠበቃችሁት?»

«የመካከለኛ ሰው ካርድ ነዋ። እንደኛ ያለው የሚደርስበት። ሲገፋ ግን ትልልቆቹን ጭራቸውን ይይዛል እየተባለ ስናነብ ከረምን። ክብሩ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ በሁላችን ፊት ሊገፋው ነበር። ካርድ ሲገፋ አይዋሽም ይል ነበር።»

ሰይፈሚካኤል አርባ ሊሞላው ነው፤ ክብሩን ሥራ ያስተማረው እሱ ነው። ራሱን እየነቀነቀ ሳይጠየቅ ጀመረ።

«ስንት ጊዜ ነገርኩት፤ አትግፋው ይገድልሃል ብዬዋለሁ። የዛሬ ልጅ አይሰማም። እኔ ቤቴ ነበርኩ፤ ናዲያ ደውላ ነው የመጣሁት። ካርዱም አብሮት ተቃጥሏል፤ ከዚህ በኋላ ለቆሻሻ ነው። ልጣልልዎት?»

«ተወው፣ ቆሻሻ እኔም መጣል እችላለሁ» አለችው ሙሉጌጥ።

ጋሽ ሱሌይማን የነገሯት ጥቂት ነው። ካርድ የሚመርጠውም የሚያመጣውም ሰይፈሚካኤል እንደሆነ፣ እሳቸው ከሽያጩ በላይ እንደማያውቁ፣ የጓሮው በር ቁልፍ ከእሳቸውና ከሰይፈሚካኤል ሌላ ማንም እጅ እንደሌለ ነገሯት። እሳቸው ራሳቸው ጠዋቱን መስጊድ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ከሦስት ሰው ጋር ነበሩ፤ ሦስቱም መሰከሩ።

አዛዡ አምስት ሰዓት ላይ እንደገና ደወሉ። ሙሉጌጥ «እሺ ጌታዬ» ብላ ስልኩን ዘጋችና ሙሴን ሁለት ነገር አዘዘችው። ካርዱን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሞክረው። ከዚያ ጥግ ባለው ካርቶን የታጨቁትን ገመዶች አንድ በአንድ፣ ሶኬት ሳይነኩ፣ ስፒናቸውን ይፍታ። ፖሊሱ አጠገቡ ቆመ። ሃያ ሦስት ገመድ ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉንም ወደ ቤቱ ጠራቻቸው። እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። ወይዘሮ ተዋበችም ወንበር ተሰጣቸው። ሙሉጌጥ ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆመች፤ ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤ ዝቅ ያለው ግን እንዳትጮህ ስለያዘችው ነበር።

«ከጠዋት ጀምሮ ካርዱ ገደለው ስትሉ ሰምቻለሁ። ካርዱ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ ነበር፣ እውነት ነው። ብሎኑ ግን አልታሰረም፤ ለብቻው የሚሰጠው የኃይል ገመድም አልተሰካለትም። ሙሴ፣ እንዲህ ሆኖ ይሠራል?»

«አይሠራም።»

«ክብሩ በአምስት ዓመት ሥራው ብሎን ሳያስር ካርድ ትቶ ያውቃል? አያውቅም። ስለዚህ ካርዱን የሰካው ክብሩ አይደለም። ክብሩ ካርዱን አልነካውም። ካርድ ከመያዙ በፊት እንደ ሁልጊዜው ብረቱን ሰላም አለ፤ ብረቱ ውስጥ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ይጠብቀው ነበር። ባዶ እግር፣ እርጥብ ወለል። መዳፉን እዩት።»

ወይዘሮ ተዋበች ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ብረቱ ውስጥ በምን ገባ? በገመዱ። ከዱባይ የሚመጣው ገመድ ለእኛ ግድግዳ አይሆንም። እዚህ ቤት የስፒናው ጫፍ ተቆርጦ ባለሁለት ክብ ጥርስ ይታሰርለታል። የሞተበት ኮምፒውተር ላይ ያገኘሁት ግን ያልተቆረጠ ነው። በዚህ ሶኬት ሊሰካ አይችልም። ታዲያ ኤሌክትሪኩ በየት መጣ? ናዲያስ ስትነካው ለምን አልነዘራትም? ከእሷ በፊት አንድ ሰው ገብቶ ነቅሎታል፣ ገመድ ቀይሯል፣ ካርዱን ሰክቷል፣ በጓሮ ወጥቷል። የነቀለውንም ገመድ ከብዙ ገመድ መሐል ደበቀው።»

ሙሴ አንድ ገመድ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ስፒናው ተፈቷል። ኃይል ተሸካሚው ሽቦና የኮምፒውተሩን ብረት የሚይዘው የመሬት ሽቦ በአንድ ብሎን ሥር ታስረዋል።

«አሥራ ዘጠነኛው ነው» አለ ሙሴ። «ነገ ናዲያ ልትሰካው ትችል ነበር። እኔም።»

ሰይፈሚካኤል ሳቅ ለማለት ሞከረ። «ካርቶኑ ለሁሉም ክፍት ነው። ገመድ የማያስር ማን አለ እዚህ ቤት?»

«ልክ ነህ። ጫማ የሚያስገባ ግን የለም።» ሙሉጌጥ ወለሉ ላይ ዳናውን የከደነውን ካርቶን አነሳች። «ናዲያ ስትገባ አልፈራችም፤ የሚያስፈራ መኖሩን አታውቅምና። በባዶ እግሯ ሮጠች። ይህን ዳና የተወው ሰው ግን በዚህ ቤት ደንብ ሳይገባ፣ ኤሌክትሪክ ከማያሳልፍ ጎማ ሶሉ ጋር ሶኬቱ ድረስ መጣ። ለምን? ክብሩን ገና ሳያየው፣ ወለሉና ብረቱ ሰው እንደሚገድሉ ያውቅ ነበር። ያንን የሚያውቀው ትናንት ማታ ያጠመደው ብቻ ነው።»

ፖሊሱ ከበሩ አንድ ጫማ አምጥቶ ገልብጦ ከዳናው አጠገብ አስቀመጠው። የመጋዙ ጥርስ ገጠመ። ጫማውን ማንም የማን ነው ብሎ አልጠየቀም፤ ሁሉም ወደ ሰይፈሚካኤል ካልሲ ተመለከተ።

«ተቃጥሏል ያልከውን ካርድ ሙሴ ሞክሮታል» አለች ሙሉጌጥ። «ደህና ይሠራል። አዲስ ግን አይደለም። ያረጀ ካርድ ላይ አዲስ ስም ተለጥፎበታል፤ የውስጡ ጽሑፍም ተቀይሯል። ዝም ብለው ሲያዩት አዲስ ነኝ ይላል። ሲገፋ ነው የሚታወቀው። አራት ሰዓት ላይ ሊገፋ ነበር።»

ጋሽ ሱሌይማን «ከዚህ በፊት ያመጣኸውስ?» ብለው ጠየቁ።

ሰይፈሚካኤል ከጠረጴዛው ቀና አለ። ሲናገር በንዴት ነበር።

«ብሎን መፍታት የማያውቅ ልጅ ነበር። እጁን ይዤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ብረቱን ጨብጥ ብዬ ያስለመድኩት እኔ። በእነዚህ ልጆች ፊት አቁሞ ሌባ ሊያሰኘኝ ነበር።»

«ያስተማርከውን ነው ያጠመድክበት» አለች ሙሉጌጥ። «ከሞተ በኋላም ሞኝ አሰኘኸው። እናቱ ደጅ ላይ ተቀምጠው ሰዉ ይህን የሞኝ ስም ሲያወርሰው ሲሰሙ፣ አንተ ራስህን እየነቀነቅክ አለፍካቸው።»

ካቴናው ገባ።

ሙሉጌጥ አዛዡ ያዘዙትን ቅጽ አወጣች። «የራሱ ቸልተኝነት» የሚለውን ለመሰረዝ እስክሪብቶዋን ስትጫነው ወረቀቱ ተቀደደ። ሌላ ወረቀት ጠየቀች።

ወይዘሮ ተዋበች ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ። የልጃቸውን ሸራ ጫማ አነሡና በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ጫማህን ሳታወልቅ ሰው ቤት አትግባ ብዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ሙሉጌጥ ከበሩ ፈቀቅ ብላ መንገድ ለቀቀችላቸው።

ውጭ ካፊያ ጀምሯል፤ ወጣቶቹ ግን አልተበተኑም። ጠዋት «ካርዱ ገደለው» ያሉት ሁሉ እዚያው ናቸው። ወይዘሮ ተዋበች ጫማውን ደረታቸው ላይ ይዘው ደጁ ላይ ቆሙባቸው፤ አንድ በአንድ እያዩ።

«ልጄ ካርዱን አልነካውም» አሉ። «ጠዋት የተናገራችሁበት አፍ ነገም አለ። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው፤ ቡሹሎ መጥታችሁ ይህንኑ ትናገራላችሁ።»

ባጃጁን አቁሞ የነበረው ሾፌር ኮፍያውን አውልቆ የኋላውን መቀመጫ በእጁ ጠረገላቸው።