ቴኔ በሜንዴ ያነበበችው ማስታወቂያ

ኢቦላ ሜንዴዎች አገር በገባበት ክረምት፣ ቴኔ የእርዳታ ድርጅቱን የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ በሕዝቡ ቋንቋ በሜንዴ እያነበበች ትቀዳ ነበር። ቫንዲ ደግሞ ድምፅዋን በሞተሩ ጭኖ፣ በድምፅ ማጉያ እያስጮኸ መንደሮቹን ያዳርሳል። እንግሊዝኛ የሚሰማው ከስንት አንድ ነውና ሰው የሚያምነው እሷን ነበር።

«ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ስትጮሂ ዋልሽ» ይላታል ሲመለስ።

«ገና ሳታገባኝ ነው የመረረህ?»

መጨባበጥ እንኳ ክልክል ነው። እሱ ሞተሩን ተደግፎ፣ እሷ የመቅጃ ክፍሉ በር ላይ ቆማ፣ ከርቀት ይተያያሉ። በሽታው ጋብ ሲል አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ሊልክ ቃል ገብቶላታል።

አንድ ጠዋት ቫንዲ ከሥራ ቀረ። ቴኔ ልቧ አላርፍ ሲላት ቤቱ ሄደች። በመስኮት ብቅ አለ፤ ዓይኑ እንቅልፍ አላየም።

«እማማ ታማለች። እንዳትጠጊ።»

«ለምን ወደ ሕክምና ጣቢያው አልወሰድካቸውም?»

«ምን ሊያደርጉላት? ‹ኢቦላ ገዳይ ነው፣ መድኃኒት የለውም› ብለሽ የለ? በየመንደሩ ያስጮህኩት እኔው! ላትድን ነገር ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች መሃል ከምትሞት፣ እኔው ላጥባት፣ እኔው ላጉርሳት ብዬ ነው።»

 ቴኔ ያነበበችው እውነት ነበር፤ ግን ሰው ሁሉ በሽተኛውን ቤት የሸሸገው ያንኑ ማስታወቂያ ሰምቶ ነው።

«ቫንዲ፣ ቶሎ ከሄዱ ብዙዎቹ ይድናሉ እኮ! ግሉኮስ ይሰጧቸዋል፤ በእግራቸው ሲወጡ አይቻለሁ!»

«ታዲያ ይሄን ለምን አልነገርሽንም?»

ቴኔ ሰው ልትጠራ ወደ ጣቢያው ሮጠች።

እናቱ በዚያው ቀን ተወሰዱ። ቴኔ ማስታወቂያው እንዲለወጥ አለቃዋን ለመነች፤ «ከላይ የጸደቀ ጽሑፍ አይነካም» አላት። ሳታስፈቅድ አዲስ ቀዳች፦ «ቶሎ የመጣ ብዙ ሰው ይድናል። የታመመባችሁን አምጡ፤ በአጥሩ በኩል ታዩታላችሁ፣ ታነጋግሩታላችሁ።» እንደ ቫንዲ ማስታወቂያ የሚያዞሩት ሌሎቹ ሞተረኞች ይዘውት ወጡ። በሳምንቱ ጣቢያው በሰው ተጨናነቀ፤ አለቃዋም አላገዳትም።

ከመጡት አንዱ ቫንዲ ነበር። ትኩሳቱ እንደጀመረው በራሱ እግር መጣ።

ጠያቂና ታማሚን በሚለዩት በጣቢያው ሁለት አጥሮች መካከል ሁለት እርምጃ ያህል ነበር። ቴኔ ከወዲህ፣ እሱ ከወዲያ ወንበር ላይ። እናቱ ድነዋል፤ የዳነን ሰው በሽታው መልሶ ስለማይዘው ከጎኑ ቆመው ውሃ ያጠጡታል።

«አታልቅሺ እንጂ፤ ድምፅሽ ይበላሻል።»

«አታላይ ነኝ ቫንዲ። ይድናል አልኩ።»

«ብዙ ሰው ነው ያልሽው፤ ሁሉም አላልሽም።» ከእናቱ እጅ ውሃ ተጎነጨ። «እኔ ምንም ብሆን የማስታወቂያውን ቃል እንዳትለውጪው። ከለወጥሽው ሰው መምጣቱን ይተዋል።»

«እወድሃለሁ።»

«እሱንማ በድምፅ ማጉያ አስነግሪው» ብሎ ሳቀ። ቴኔም እያለቀሰች ሳቀች።

ቫንዲ ዓርብ ሞተ። ነጭ የመከላከያ ልብስ የለበሱት ሰዎች ሊቀብሩት ሲወስዱት፣ ሞተረኞቹ አዲስ ቅጂ እየጠበቁ የመቅጃ ክፍሉ በር ላይ ተሰልፈው ነበር። ቴኔ ፊቷን ታጠበች፣ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጠች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ቶሎ የመጣ ብዙ ሰው ይድናል» አለች፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።