አራተኛው ፕሮግራም

ሎፔቲ አሥራ አንደኛው ፑሽ አፕ ላይ ነበር። ክንዱ ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ ከአገጩ ምንጣፉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ «አንዲት ብቻ ቀረች! አንዲት!» እያለ ይጮኻል። በዚህ መሀል ከበረንዳው ሳል ተሰማ። የላቪኒያ ሳል።

ላቪኒያ ጉንፋን የላትም፤ እየገባሁ ነው ማለቷ ነው። ሎፔቲ ተፈናጥሮ ተነሳ፣ ሸሚዙን ፈለገ፣ ሲያጣው ደረቱን በፎጣ ሸፍኖ፣ ጉልበቱን ከጠረጴዛው ጋር እያጋጨ በጓሮ በር ወጣ። በዚህ ሳምንት ሲያባርረው ሦስተኛው ሳል ነው።

ሌላ አገር እንዴት እንደሆነ እንጃ፤ ቶንጋ ውስጥ ግን ወንድምና እህት ካደጉ በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ እንደልባቸው አይሆኑም። አብረው ቴሌቪዥን አያዩም፤ ወንድም እህቱ ፊት ደረቱን አያራቁትም። እህት በክብር ትበልጣለች፤ እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል፤ አለቀ ደቀቀ። ሎፔቲ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ ቅር ብሎትም አያውቅም። ችግሩ ቤቱ ያለው አንድ ሳሎን ብቻ መሆኑ ነው። ታላቅ እህቱ ላቪኒያ ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ አገር አቀፍ ፈተና አለባት፤ ደህና ጠረጴዛና ደህና መብራት ያለው እዚያው ሳሎን ውስጥ ነው።

እሱም የራሱ ፈተና አለበት። ከአምስት ሳምንት በኋላ የትምህርት ቤቱ ዋና የራግቢ ቡድን ይመረጣል። ባለፈው ዓመት አሠልጣኙ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «አንተ ልጅ ጉልበት አለህ፤ ግን ኳሱ ጋ ቦርጭህ ቀድሞህ ይደርሳል» ብሎ ጣለው። ልጆቹ እስከ ዛሬ ሰላም የሚሉት ሆዳቸውን ነፍተው ነው። ዘንድሮ ቦርጩ ጠፍቶ፣ ትከሻው ሰፍቶ ሜዳ መግባት አለበት።

«እና ሁለተኛውንም ልትተወው ነው?» አለ ካሎሎ በማግስቱ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቁጭ ብለው። አራት የቤት ውስጥ ስፖርት ፕሮግራሞችን ከኢንተርኔት አውርዶ የላከለት ይኸው ጓደኛው ነው።

«ምን ላድርግ? የመጀመሪያው በቀን ስድስት እንቁላል ብላ ይላል። የእኛ ዶሮዎች ተሰብስበው የሚጥሉት አራት ነው። ሁለተኛው ጎደሬ አትንካ፣ ካሳቫ አትንካ ይላል። እሁድ አክስት ፊፊታ ፊት ሞከርኩት።»

«አረ በናትህ! ምን አሉህ?»

ሎፔቲ መድገም አልፈለገም። አክስት ፊፊታ የአባቱ ታላቅ እህት ናቸው፤ እሳቸው ሲናገሩ አባቱ ራሱ መሬት መሬት ያያል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በጋለ ድንጋይ ከሚያበስለው የጉድጓድ ምድጃ የወጣው ምግብ ተዘርግቶ፣ ሎፔቲ ሥጋውን ብቻ ለቀም ለቀም ሲያደርግ አዩት። «ይሄን ጎደሬ የተከለው አባትህ ነው» አሉት። «አትብላ ያለህ ሰው ምን ተክሎ ያውቃል?» ሁለት ሳህን በላ። ሦስተኛውን ራሳቸው ጨመሩለት።

«አንተ የምትሰበስበው ጡንቻ አይደለም፣ ፕሮግራም ነው» አለ ካሎሎ እየሳቀ። «አራተኛውን ለምን አትይዝም?»

«የሽማግሌውን? አቦ ተወኝ! በየቀኑ ያው አምስት እንቅስቃሴ። ደሞ ‹ከስምንት ሳምንት በፊት መስታወት አትዩ› ይላል። ምርጫው በአምስት ሳምንት ነው፣ ጀለስ!»

«እንግዲያው ሦስተኛው ነዋ። አሠልጣኟ በሠላሳ ቀን ቦርጭ ድራሹ ይጠፋል ትላለች። ግን እንቅስቃሴውን ቶሎ ቶሎ ስለምትቀያይር በስልክ አይሆንም፤ በትልቅ ስክሪን ነው።»

ትልቁ ስክሪን ያለው ሳሎን ውስጥ ነው።

«እማ፣ ሳሎኑን በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ስጪኝ» አለ ያን ቀን ማታ።

እናቱ ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችው። «እህትህን አስወጥቼ?»

«አንድ ሰዓት እኮ ነው!»

«ደጁ ሙሉ መሬት ነው። ውጣና ዝለል።»

«ቴሌቪዥኑን ተሸክሜ?»

«አፍህን ሰብስብ።»

ሎፔቲ በሩን ገፍቶ ወጣ። ስድስት ሰው ባለበት ቤት፣ የእሱ ጉዳይ ጉዳይ የሚመስለው አንድ ሰው እንኳ የለም።

ሐሙስ ማምሻውን ላቪኒያ የመዘምራን ልምምድ ነበራት፤ እስከ እራት አትመለስም። ሎፔቲ ጠረጴዛውን ገፍቶ ግድግዳ አስጠጋው፣ መጻሕፍቷን ወለል ላይ ቆለላቸው፣ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘ። የሦስተኛው ፕሮግራም አሠልጣኝ ብቅ አለች። ቁምጣዋ መሐረብ ቢያክል ነው። ቤቱ ባዶ ስለሆነ ግድ አልሰጠውም፤ ሸሚዙን ጣለና ይዘል ጀመር። ሙዚቃው ጮክ ብሎ ስለነበር ሳሉን አልሰማም።

ልምምዱ ቀድሞ አልቆ ኖሮ፣ ዞር ሲል ላቪኒያ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ አክስት ፊፊታ። ስክሪኑ ላይ ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታ ወገቧን ታሽከረክራለች። ላቪኒያ የመዝሙር ደብተሯን ፊቷ ላይ ደፍታ ወደ መንገዱ ሮጠች። ሎፔቲ ሪሞቱን ቢጫን ቢጫን ድንጋዩ አልቋል። «ጎበዝ! እንደገና!» ትላለች ሴትዮዋ። በመጨረሻ ገመዱን ከግድግዳው መንጭቆ ነቀለው።

አክስት ፊፊታ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለው ነበር። ወለል ላይ የተቆለሉትን መጻሕፍት አንድ በአንድ አንስተው አቀፏቸው።

«ሸሚዝህን ልበስ» አሉ።

ለበሰ። «ይቅርታ አክስቴ፣ ስፖርት ነው እኮ፣ እንዳያስቡ…»

«ልጅቷ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ቤት ነው የምታጠናው። ሳሎኑ ያንተ ነው፤ እንደፈለግክ ዝለልበት።»

አርብ ማንም አልሳለም። ሎፔቲ ሴትዮዋን ዳግመኛ አልከፈታትም፤ ሁለተኛውን ፕሮግራም በስልኩ ከፍቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠራ። የለመነውን አግኝቷል። እናቱ ግን ሳህኑን አስቀምጣለት ትሄዳለች እንጂ አታናግረውም። «ውጪ ያልኳት እኔ ነኝ?» አለ ለባዶው ሳሎን።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቱ አንድ ቅርጫት ጎደሬ አሸክማ አክስት ፊፊታ ቤት ላከችው። እዚያ ሰባት ልጆች አሉ። አንዱ ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ሁለቱ ዱላ ይዘው ይሯሯጣሉ። ላቪኒያ ደረጃው ላይ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ሁለት ጆሮዋን በጣቶቿ ደፍና ታነባለች። ቀና ስትል አየችው።

አልሳለችም። መጽሐፏን አጠፈች፣ ተነሳች፣ ወደ ቤቱ ጀርባ ዞረች። ለእሱ መንገድ ለቀቀችለት። እሷ ለእሱ! ሎፔቲ እህት ለወንድሟ ቦታ ስትለቅ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ፊቱ በኀፍረት ተቃጠለ፤ ቅርጫቱን እዚያው በር ላይ አስቀምጦ ተመለሰ።

ቤት እንደደረሰ አራተኛውን ፕሮግራም ከፈተ። ሽማግሌው ፑሽ አፕና ቁጭ ብድግ ይሠራሉ፣ ቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላሉ። ዝላይ የለም፣ ሙዚቃ የለም። «አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ ይበቃል» ይላሉ። ስምንት ሳምንት። ሎፔቲ በጣቱ ቆጠረ፤ ምርጫው ያልፋል። አሠልጣኙ ያንኑ ቀልዱን ሊደግመው ነው፤ ልጆቹም ሆዳቸውን ሊነፉ። ደግሞ ቆጠረ፤ ያው ነው። ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረው።

ከዚያ ሳሎኑን ጠረገ፤ ጠረጴዛውንም መብራቱ ሥር መለሰው።

«እማ፣ ለላቪኒያ ንገሪያት። ሳሎኑ ባዶ ነው በያት።»

እናቱ ቀና ብላ አየችው። «አንተስ?»

«ከኩሽናው ጀርባ እሠራለሁ።»

«አሳማዋ የታሰረችበት?»

«አውቃለሁ እማ! አሳማዋ የታሰረችበት!»

እሁድ በቶንጋ ሥራም ስፖርትም የለም። ሰኞ ማምሻውን አሮጌ ምንጣፍ ይዞ ከኩሽናው ጀርባ ዞረ። መሬቱ ጠጠር ነው፣ ሽታው አይጣል። አሳማዋ አንዴ አየችውና ወደ ካሳቫ ልጣጯ ተመለሰች። ሎፔቲ እያጉረመረመ ተንበረከከ፣ እጆቹን መሬት አስያዘና ጀመረ።

ዘጠኝ። አሥር። ክንዱ ይንቀጠቀጣል። አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ከበረንዳው በኩል ሳል ተሰማ።

ሊነሳ ነበር፤ ልማድ ሆኖበት። ከዚያ የት እንዳለ ትዝ አለው። የሳሎኑ መብራት በራ፤ ወንበር ሲሳብ ተሰማ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ድምፁን ዝቅ አደረገና «አሥራ ሁለት» አለ።