የአንድ ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ ፋይል

ባታምኑኝ አልቀየማችሁም። የሌላ ሰው ወሬ ቢሆን ኖሮ እኔም ስቄ አልፈው ነበር።

ግን የደረሰው በእኔ ላይ ነው... ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ፣ ፀሐይ በመስኮት እየገባች።

ጨለማ አልነበረም። ብቻዬንም አልነበርኩም።

የምሠራው ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት በድምፅ የሚቀረጹበት ቤት ነው። አንባቢዎቹ ያነባሉ፣ እኔ ድምፁ የሚቀመጥባቸውን ማሽኖች እጠብቃለሁ። ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፤ ከተጣለ ኮምፒውተርና ከውሰት መጽሐፍ የለቀምኩት ነው። ዲግሪ የደረደሩ ሦስት ወንዶች አቅቷቸው ጥለውት የሄዱትን ሥራ ነው የያዝኩት። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም።

እሺ፣ ትንሽ ለጉራ ነው።

እታለም፣ ታላቅ እህቴ፣ እዚያው አንባቢ ነበረች። "ፕሮፌሰር" እያለች ታበሽቀኝ ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፏን ጀመረች፣ አንድ ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ አነበበች... በማግስቱ ታመመች።

በሦስተኛው ሳምንት ቀበርናት።

ስልኳ በዚያ ግርግር ጠፋ። ቤት ውስጥ ፎቶዋ አለ፣ ቀሚሷ አለ። ድምጿ ግን ከዚያ አንድ ፋይል በቀር የትም የለም።

እናቴ ከሥራ በገባሁ ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። መቼ ነው የምታመጪልኝ?

ቅጂ ከግቢ አይወጣም የሚል ደንብ አለ። ሥራ አስኪያጁ ከስንት ልመና በኋላ ፈቀደልን። ግን በዚያው ሳምንት ፋይሎቹ ያሉበት አሮጌው ማከማቻ ማሽን ያጣጥር ጀመር። ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነቅሎ ሊወሰድ ተወሰነ። ውስጡ ያለው ሁሉ ከዚያ በፊት ወደ አዲሱ መዛወር ነበረበት።

ሁለቱን ማሽኖች በፋይበር ኬብል አገናኘኋቸው። የዓመት ቅጂ በደቂቃዎች የሚያሳልፍ መስመር ነው። ጠዋቱን ሙሉ እንደ ውሃ ፈሰሰ።

የእታለም ፋይል ላይ ሲደርስ... ተንቀራፈፈ።

አልቆመም። ይሄዳል። ግን እንደ ደከመው ሰው።

የኬብሉን ጫፎች ወለወልኩ። ኬብሉን ቀየርኩ። ዲስኩን ለብቻው ለካሁ፤ ፈጣን። መስመሩን ለብቻው ለካሁ፤ ፈጣን። የሌላ አንባቢ ፋይል ላክሁ፤ ዓይኔን ሳልከድን ደረሰ።

የእሷን እንደገና ላክሁ... ተጎተተ።

"ጆሮ" የምንላቸው ሽማግሌ ድምፅ ቀራጺ ከኋላዬ ቆመው የእጅ ሰዓታቸውን ሲያዩ ቆዩ። አሥር ደቂቃ ጠበቁ። የተሻገረው ልክ አሥር ደቂቃ ንባብ ነበር።

"ይሄ የኮፒ ፍጥነት አይደለም" አሉ በሹክሹክታ።

"ታዲያ የምን ነው?"

"የማዳመጥ።"

አርባ ዓመት ማዳመጫ ያጠለቀ ሰው ሌላ ምን ሊታየው ይችላል ብዬ አሾፍኩባቸው። አፌ ነው ያሾፈው። ዓይኔ ግን ከሰዓታቸው አልተነሳም።

እንዲህ ባለ መስመር ላይ ተቀባዩ ሲጨናነቅ "ቆይ" የሚል አጭር መልእክት ይልካል፣ ላኪውም ይቆማል። ምንም እንዳይጠፋ ነው። መስመሮቹን የሚያገናኘውን ስዊች ቆጣሪ ከፈትኩ። አዲሱ ማሽን አንድም "ቆይ" አላለም።

"ቆይ" ሁሉ የሚመጣው ከፖርት አሥራ ሰባት፣ ከአሥራ ሰባተኛው የኬብል መሰኪያ ነው።

አጎንብሼ አየሁ። ፖርት አሥራ ሰባት ላይ ኬብል የለም። የአቧራ ክዳኑ እንኳ አልተነሳም።

በትእዛዝ ዘጋሁት።

ቆጣሪው መቁጠሩን ቀጠለ... ቆይ። ቆይ። ቆይ።

ጆሮ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። "ተያት፣ ልጄ። ትጨርስ።"

አሥር ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ይቀረው ነበር። በየሙከራው አቋርጬዋለሁና በዚያው ፍጥነት ከመነሻው ብጀምረው አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ በአራተኛው ደቂቃ ያልቃል። አራት ደቂቃ። ሥራ አስኪያጁን መለመን ይቻል ነበር።

ግን ምን ልበለው? ማሽኑ እምቢ አለኝ ልበል? እኔ?

ስዊቹ "ቆይ" የሚለውን እንዳይሰማ አዘዝኩት። የደረሰው ከተላከው ጋር አንድ መሆኑን የሚያረጋግጠውን ማመሳከሪያም ያዘገያል ብዬ አጠፋሁት። የማዛወሪያውን ፕሮግራም የጻፍኩት ራሴ ነኝ። አንድ ፋይል ሲሻገር ከአሮጌው ላይ ወዲያው ይሰርዘዋል፣ ማንም እንዳይመልሰው ላዩ ላይ ዜሮ እየጻፈ። በዚህች ብልሃት ስንት ጊዜ ተኩራርቻለሁ።

ቁልፉን ተጫንኩ።

ሁለት ሰከንድ አልፈጀም።

ሽማግሌው ማዳመጫቸውን አጥልቀው የደረሰውን ፋይል ከፈቱት። ብዙ ጠበቁ። ከዚያ ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወለቁና ወጡ።

አንድ ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ... ርዝመቱ ልክ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የድምፁ መስመር ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው። እስትንፋስ እንኳ የለበትም።

አሮጌው ማሽን እስኪነቀል ድረስ የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ዜሮ። በዜሮ ላይ ዜሮ።

የእህቴን ድምፅ በገዛ እጄ ገደልኩት።

ፖርት አሥራ ሰባትም ዝም አለ።

ባዶ እጄን መግባት አቃተኝ። ባዶውን ፋይል ስልኬ ላይ ጭኜ ሄድኩ። በመንገዴ ሁሉ የምናገረውን ስደረድር ነበር። እናቴን በሩ ላይ ቆማ ሳያት ግን ስልኩን ብቻ ዘረጋሁላት። ስልኩንና የጆሮ ማዳመጫውን ከእጄ ወሰደችና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ኩሽና ገብቼ ቧንቧውን ይዤ ቆምኩ። "ይሄ ነገር አይሰማም" ብላ እስክትጠራኝ ጠበቅሁ።

አልጠራችኝም።

አምስት ደቂቃ... አሥር...

ከዚያ ሳቀች። እታለም ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ትንሽ ሳቅ።

ተመለስኩ። ዓይኗን ጨፍናለች። እንባዋ እስከ አገጯ ወርዷል። ስልኩ ላይ ያለው መስመር እንደ ክር ቀጥ ብሎ ያልፋል።

"እማ... ምን ይሰማሻል?"

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። "ዝም በይ። እያነበበች ነው።"

ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

ያኔ ነው ያየሁት።

ማዳመጫው ሁለት ጫፍ ነው። አንዱ እናቴ ጆሮ ውስጥ ነው። ሌላው ጭኗ ላይ አልወደቀም... ወደ ጎኗ፣ ሰው ወዳልተቀመጠበት የሶፋው ቦታ ገመዱ ተወጥሯል። ጫፉ አየር ላይ ነው። የተቀመጠ ሰው ጆሮ በሚሆንበት ቁመት።



ጫፉ ቀስ ብሎ ዘመመ። ወረደ። እናቴ ትከሻ አጠገብ ሲደርስ አረፈ።

እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ እንዲመቻት ትከሻዋን ዝቅ አደረገችላት።