ሦስት ረጅም ጥሪ

አልሲድን ባሕር ወሰደው የሚለው ወሬ ፀሐይ ሳይጠነክር አንስ ኖዋር መንደርን አዳረሰ። ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ጥቁሩ አሸዋ ላይ፣ ከጀልባው ጎን ተንጋሎ፣ ሁለት እጁ ደረቱ ላይ ተደርቦ ነበር።

ኢንስፔክተር ኢስሜን ቫልሲን አጠገቡ ተንበረከከች። ልጅ ሳለች ከዚህ ሰው እጅ ዓሣ ገዝታ በልታለች፤ እንባዋን ዋጥ አድርጋ የሸሚዙን ኮሌታ በጣቷ አሸችና ጣቷን ቀመሰች።

«ምን እየሠራሽ ነው ልጄ?» አላት ፌሊሲየን፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም።

«ጨው እየፈለግሁ።»

«አገኘሽ?»

«የለም። ደግሞ አባባ ፌሊሲየን፣ ባሕር ሬሳ አይገንዝም።»

ፌሊሲየን የወንድሙን እጆች አየና ፊቱን አዞረ።

ከመንደሩ በላይ ያለው ኮረብታ ለቱሪስት ቪላ ተመንጥሮ ራቁቱን ቀርቷል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ቀይ ጭቃ በሸለቆው ወርዶ ባሕሩን ያደፈርሰዋል። ዓሣ የሚራባበት፣ ከባሕሩ ሥር እንደ ድንጋይ የሚበቅለው ኮራል ጭቃ ለብሶ ታፍኖ ሞተ፤ ዓሣውም ቤቱ ሲፈርስበት ተሰደደ። በሰሜኑ ጥግ አንዲት ቁራጭ ኮራል ብቻ ተርፋለች። አልሲድ እሷን ላድን ብሎ ዝናብ ባባራ ቁጥር ሸለቆው ውስጥ ጭቃ የሚያግድ ጆንያ ይደረድር ነበር። መንደሩም «ባሕርን በጆንያ!» እያለ ይስቅበት ነበር፤ ዛሬ የሳቀ ሁሉ አንገቱን ደፍቷል።

«ማን ጠራዎት ወደዚህ?» አለችው ኢስሜን ፌሊሲየንን።

«እንደ መለከት የሚነፋው የጀልባው ዛጎል ነዋ! ሦስት ረጅም ጥሪ ሰማሁ። ስደርስ ሰው የለም፤ እሱ ብቻ።»

«የነፉት እርስዎ አይደሉም?»

ፌሊሲየን ድዱን አሳያት። «በምን ጥርሴ? እኔ ብነፋው የሚወጣው ምራቅ ነው። ጀልባዋን እንሽጥ ብዬው ትናንት ተጣላን፣ እሱን አልክድሽም። ምነው ምላሴ በተቆረጠ!»

ኢስሜን ኮረብታውን ወጣች። የሥራው ኃላፊ ሃርኮት ከዋና ከተማው የመጣ መሐንዲስ ነው፤ ቪላዎቹ ከሚቆሙበት ገደል ጫፍ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያያል።

«ከሽማግሌው ጋር ትተዋወቁ ነበር?»

«እንዴት አልተዋወቅም! ዝናብ ባባራ ቁጥር ጎህ ሲቀድ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ሆኖ ይሰድበኛል።»

«ዛሬ ምን ሰማህ?»

«ያን ዛጎል። ዓሣ አግኝቷል፣ እንግዲህ አፉን ይዘጋል ብዬ ደስ አለኝ።»

ኢስሜን የጭቃ ማቆሪያውን ገንዳ አየች። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ገንዳው ባዶ ነው። «የት ሄደ ይሄ ሁሉ ጭቃ?»

«ውሃ መውረጃውን ያውቃል» አለ ትከሻውን ነቅንቆ።

የቡልዶዘሩ ሹፌር ዴሮን፣ የአልሲድ አንድ ልጅ፣ ከጎማ ክምር ላይ ተቀምጧል። እዚህ ሥራ ከያዘ ወዲህ አባቱ አናግሮት አያውቅም፤ የሚያድረውም ከሠራተኞች ጋር ነው።

«ዛጎሉን ሰማህ?»

«ተኝቼ ነበር። ምንም አልሰማሁም» አለ፣ ቀና ሳይል።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ጀልባዋ ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«ጆሮው ውስጥ ቀይ ጭቃ አለ» ብላ ጀመረች። «ጭቃው ብቻውን ምንም አይነግረኝም፤ ባሕሩም ቀይ ሆኗል። ሸሚዙ ላይ ግን ጨው የለም። ይህ ሰው የሞተው በዝናብ ውሃ ነው፤ ሸለቆው ውስጥ። ተሸክሞ ያወረደው፣ እጁን ያጣጠፈለት ሰው አለ። ያው ሰው ነው የነፋው።»

«ታዲያ ማን?» አለ ሃርኮት።

«አንድ ጥሪ ዓሣ ተገኘ ማለት ነው። ሦስት ረጅም ግን ባሕር ሰው ወሰደ ማለት ነው። አንተ ይህን አታውቅም፤ ደስ አለኝ አልከኝ። አባባ ፌሊሲየን ያውቃሉ፤ መንፋት አይችሉም። ኮረብታው ላይ አንተ የሰማኸውን ጥሪ አጠገብህ ያለው የዓሣ አጥማጅ ልጅ አልሰማሁም አለኝ።»

ዴሮን ከአባቱ ጀልባ ጎን አሸዋው ላይ ቁጭ አለ።

«ዛሬ ጎህ ሲቀድ ሃርኮት የገንዳውን በር ልቀቅ ሲለኝ፣ ‹ከታች ሰው አለ?› ብዬ ጠይቄዋለሁ። ‹የለም፣ አይቻለሁ› አለኝ። ከፈትኩት። በኋላ ስወርድ ጆንያውን እንዳቀፈ አገኘሁት። አባቴ ጭቃ በላው ከሚባል ባሕር ወሰደው ይባልለት ብዬ ነው።»

«ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር ልጄ?» አለ ፌሊሲየን እያለቀሰ።

«አጎቴ፣ ሳይነፋለት እንዴት ይሂድ?»

ሃርኮት ባርኔጣውን አነሳ። «እንግዲህ ጥፋተኛው ተናገረ።»

«ቁጭ በል!» አለች ኢስሜን። «ዝናብ ባባራ ቁጥር ጎህ ሲቀድ ሸለቆው ውስጥ እንዳለ የነገርከኝ አንተ ነህ። ልጁ ሲጠይቅህ ግን የለም አልከው። በልጁ እጅ አባቱን የገደልከው አንተ ነህ።»

 አብረዋት የመጡት ፖሊሶች ሃርኮትን ይዘው ሄዱ።

ዴሮንም ሁለት እጁን ዘረጋላት፤ ሬሳ ማዛወርም ወንጀል ነውና ካቴናውን አጠለቀችለት። ኮረብታው ላይ ደመናው ጠቁሯል።

«የገንዳው በር እንደተከፈተ ነው» አለ። «ልዝጋውና እንሂድ።»

አብረው ወጡ። መዘውሩን በታሰረ እጁ አዙሮ ዘጋው። ሲወርዱ የአባቱን ጆንያዎች ጎርፍ በትኗቸው አገኙ። ዴሮን አንዱን አነሳና አባቱ ደርድሮት በነበረበት ቦታ አስቀመጠው። ኢስሜን ሁለተኛውን አቀበለችው።