ቀዩ የጂምናስቲክ ልብስ

ሰርካዲስ ገብረ መድኅን አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ነበረች። በእረፍት ሰዓት መምህራን ተሰብስበው ሻይ ሲጠጡ እንኳ እሷ ብርጭቆዋን ይዛ በበሩና በመስኮቱ መካከል ትመላለሳለች። በድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርት ነበረች። አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊይዝ በተቃረበበት በዚያ ጊዜ የትምህርት ቤቱን የሴቶች ጂምናስቲክ ቡድን ያቋቋመችው እሷ ናት። አዳራሹን አስፈቀደች፣ ፍራሽ ለመነች፣ ልጆቹ ሚዛናቸውን ጠብቀው የሚራመዱበትን ረጅም ጣውላም ከባቡር ሠራተኞች ለምና አመጣች። ከቀትር በኋላ፣ ሙቀቱ የከተማውን ሰው ሁሉ ጥላ ሥር በሚያስተኛበት ሰዓት፣ ከዚያ አዳራሽ የእሷ ጭብጨባና የልጃገረዶች የእግር ኮቴ ይሰማ ነበር።

ይህ ጥድፊያዋ ምክንያት ነበረው። ሰርካዲስ በልጅነቷ ሯጭ ነበረች። የምድር ባቡር ጸሐፊ የነበሩት አባቷ አንድ ቀን በቁምጣ ስትሮጥ ያዩዋትና አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ እጇን ይዘው ወደ ቤት ይወስዷታል። ከዚያ ወዲያ ሩጫ ቀረ። አባት ልጃቸውን አልጠየቋትም፤ እሷም የሆዷን አልነገረቻቸውም። አድጋ መምህርት ስትሆን ግን ለራሷ ቃል ገባች፦ በእሷ እጅ ያለች ልጅ በልብስ ሰበብ ከሜዳ አትወጣም።

ከቡድኑ ልጆች የላቀችው ዚነት ነበረች። አባቷ አቶ ዑመር በባቡር ጋራዥ ውስጥ ብረት ሠራተኛ ናቸው። ዚነት በልምምድ ጊዜ አሮጌ ረጅም ሱሪ ለብሳ ትመጣለች፤ ሌሎቹም ያገኙትን፣ አንዷ ቱታ፣ ሌላዋ በጉርድ ቀሚስ ሥር ሱሪ ለብሰው ይመጡ ነበር። ዚነት በእጇ ስትቆም ሰውነቷ ከክንዷ እስከ እግር ጣቷ ቀጥ ይላል፤ ወደ ኋላ ስትገለባበጥም ፍራሹን የምትነካው አይመስልም። ሰርካዲስ ይህችን ልጅ ስታይ የራሷ የቀረባት ነገር ሁሉ የተመለሰላት ይመስላታል።

በዚያው ዓመት በሐረር ከተማ የክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች ውድድር እንደሚደረግ ተነገረ። ሰርካዲስ ደስታዋን መያዝ አልቻለችም። ለስልጠና አዲስ አበባ በሄደች ጊዜ የውጭ አገር ጂምናስቲከኞች ለብሰውት ያየችውን ዓይነት ልብስ ለማሰፋት መጋላ ገበያ ገብታ ቀይ ጨርቅ መረጠች፤ ልብስ ሰፊው አጠገብ ቆማም በእጇ እያሳየች አሰፋችው። ልብሱ ከሰውነት ጋር የሚጣበቅ አንድ ወጥ ሆኖ ክንድን ይሸፍናል፤ እግርን ግን ከጭን ጀምሮ ባዶ ይተወዋል። ለልጆቹ ስታከፋፍል አዳራሹ ጸጥ አለ። እሷ ጸጥታውን ከአድናቆት ቆጠረችው።

ዚነት ከሁሉም ኋላ ቀርታ ቀረበች። ከልብሱ ሥር ረጅም ሱሪ ብትለብስ ይፈቀድላት እንደሆነ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«አይፈቀድም» አለች ሰርካዲስ፣ ሌሎቹ እንዲሰሙ ከፍ አድርጋ። «በሰውነቷ የምታፍር ልጅ ጂምናስቲክ አትሠራም። ይህን ማን እንዳስተማረሽ አውቃለሁ።»

በማግስቱ ዚነት ሳትመጣ አባቷ መጡ። አቶ ዑመር የሥራ ቱታቸውን እንደለበሱ፣ እጃቸው ላይ ያለውን ግራሶ በጨርቅ እየጠረጉ አዳራሹ በር ላይ ቆሙ። እንደ ድሬ ሰው ወግ፣ ያለ ብዙ ማዕረግ፣ በ«አንቺ» ነበር የሚያናግሯት።

«ስሚኝማ መምህርት፤ ልጄ መዝለሏን እኔ አልጠላሁም። ወላሂ፣ ጋራዥ ውስጥ የማወራው የእሷን ብቻ ነው። ልጅቷ እግሬን ልሸፍን ነው ያለችሽ፤ ሌላ ምን አለች?»

ሰርካዲስ ቃሉ የዚነት፣ ሐሳቡ ግን የአባትየው ነው ብላ ደምድማ ነበር። «ዛሬ እግሯ ይሸፈን ያለ ሰው ነገ ቤት ትዋል ይላል፤ አውቀዋለሁ» አለቻቸው። «አብዮቱ ሴቶችን ነፃ ያወጣው መልሰን እንድንጠቀልላቸው አይደለም። ደግሞም የስፖርቱ ደንብ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ስለ ደንቡ ማንንም ጠይቃ አታውቅም። ያየችውን ነበር ደንብ ያደረገችው።

አቶ ዑመር «ነፃ የወጣ ሰው እኮ የሚለብሰውን ራሱ ነው የሚመርጠው፣ አቦ» ብለው ሄዱ። አልተቆጡም፤ ሰርካዲስን የከነከናትም ይኸው ነው።

ሰርካዲስ ለልጆቹ ዚነትን አባቷ ከለከሏት ብላ ነገረቻቸው፤ በቦታዋም አለምብርሃን የምትባል ልጅ ገባች። አለምብርሃን ታዛዥ፣ ቃል የማይወጣት ልጅ ናት፤ እናቷ ወይዘሮ ዘነበች ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ሰርካዲስ ይህቺ እንኳ ችግር የለባትም ብላ ተማመነች፤ የክርስቲያን ልጅ ናት፣ በልብሱ ላይም ምንም አላለችም።

ነገር ግን ቡድኑ እንደ በፊቱ አልሆነም። ቀዩ ልብስ ከመጣ ወዲህ ማንም መጀመሪያ መውጣት አይፈልግም። ልጆቹ ተራቸው እስኪደርስ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ይቆማሉ፤ ከመዝለላቸው በፊትና በኋላ እጃቸው ወደ ጭናቸው ሄዶ ጨርቁን ይጎትታል። የወንድ ተማሪዎች ጭንቅላትም በአዳራሹ መስኮቶች ላይ ይደረደር ጀመር። ሰርካዲስ ወንዶቹን ታባርራለች፣ ትመለሳለች፣ ልጆቹን ትቆጣለች፣ እንደገና ወንዶቹን ልታባርር ትሮጣለች። «እጅሽን ከልብሱ ላይ አንሺ» የሚለውን በቀን ስንቴ እንደምትለው ራሷም አታውቅም። የሰነፉ መሰላት። ልምምዱን አበዛችው። ቤቷ ገብታም ምግብ አልበላ አላት፤ የሆነ ነገር ከእጇ እያመለጠ እንደሆነ ይሰማታል፤ ምን እንደሆነ ግን አልያዘችውም።

ወደ ሐረር ከመሄዳቸው በፊት በወላጆች ቀን ለሕዝብ እንዲያሳዩ ተወሰነ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ዳይሬክተሩ ጓድ ክፍሉ ከፊት ተቀምጠዋል። አለምብርሃን ስትወጣ ከኋላ በኩል ፉጨት ተሰማ፤ የሆነ ሰው ሳቀ። ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠ። ሮጠች፤ ዘለለች፤ ሁለት እጇ ፍራሹን መያዝ በነበረበት ቅጽበት አንደኛው እጇ ወደ ኋላ፣ ወደ ልብሱ ጫፍ ሄደ። በአንድ ክንዷ ላይ ወደቀች። አጥንቱ ሲሰበር ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ሰሙት።

ሆስፒታል ክንዷ ጄሶ ከገባለት በኋላ ሰርካዲስ ከአልጋው አጠገብ መቆም አቅቷት መግባት መውጣት ያዘች። ወይዘሮ ዘነበች ወደ ኮሪደሩ ጠርተዋት ድምፃቸውን ቀንሰው ነገሯት። ልጅቷ በወር አበባዋ ላይ ነበረች። ጠዋት አልሄድም ብላ ስታለቅስ እናትየው መምህርቷ ታዝንብሻለች ብለው ገፋፍተው ላኳት። በዚያ ልብስ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አንድ ነገር ይታይብኛል እያለች ስትሳቀቅ ነው እጇ የሸሸው።

ሰርካዲስ ተመልሳ ከአልጋው ጫፍ ቆመች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

አለምብርሃን መልሷን ያዘጋጀችው ይመስል ቶሎ መለሰች። «ዚነት ነግራዎት የሆነችውን አይቻለሁ፣ ቲቸር።»

ሰርካዲስ ከሆስፒታሉ ወጥታ በእግሯ ሄደች። ባለ ጋሪዎች ሲጠሯት አልሰማቻቸውም። የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ተሻግራ መጋላ ገባች፤ ያለ ምክንያት ተመልሳ ተሻገረች፤ እንደገና ደግሞ ወደ መጋላ አቀናች። አባቷ እጇን ይዘው ሲወስዷት የነበረው ትዝ አላት። ዕድሜዋን ሙሉ የተጣላችው ከረጅም ቀሚስ ጋር ነበር የሚመስላት። አሁን ስታስበው ያቃጠላት ቀሚሱ አልነበረም። ማንም አልጠየቃትም፤ ያቃጠላት እሱ ነበር። እሷ ደግሞ በተራዋ ጨርቁን አሳጠረችና ያንኑ ነገር በልጆቹ ላይ አደረገች።

እግሯ አቶ ዑመር ቤት አደረሳት። አባትና ልጅ ግቢው ውስጥ ነበሩ። የሆነውን ሁሉ ሳትደብቅ ተናገረችና አቶ ዑመርን ይቅርታ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ግን በእጃቸው ወደ ልጃቸው አመለከቱ። «እኔን ምን አደረግሽኝ? ለእሷ ንገሪያት።»

ዚነት ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ አዳመጠች። በመጨረሻ ቀና አለች።

«አባቷ ከለከላት ብለው ለልጆቹ ነግረዋል። አባቴ አልከለከለኝም። እኔ ነኝ ያልፈለግኩት። ሱሪውን ከለበስኩ ስለ እግሬ አላስብም፤ ስለ ዝላዩ ብቻ ነው የማስበው።»

ሰርካዲስ ይህን የሚያህል ግልጽ ነገር እስከዛሬ አለመስማቷ ገረማት። እንድትመለስ ለመነቻት። ዚነት ወዲያው እሺ አላለችም፤ በመጀመሪያ አለምብርሃንን ልጠይቃት አለች። ከሆስፒታሉ መልስ ነው ቡድኑ ውስጥ የገባችው።

በሚቀጥለው ልምምድ ሰርካዲስ በሩን ዘጋችና ልጆቹን ፍራሹ ላይ አስቀምጣ፣ በልብሱ ላይ ያላችሁን ሐሳብ ንገሩኝ፣ የማንም ቃል አያስቀጣም አለች። አንዷ ጀመረች፤ ከዚያ ማቋረጥ አልተቻለም። ብዙዎቹ እግራቸውን የሚሸፍን ፈለጉ፤ አንዷ ለሃይማኖቷ፣ ሌላዋ በእግሯ ላይ ላለው የቃጠሎ ጠባሳ፣ ሌላዋ ስለ ፉጨቱ። ይርገዱ የምትባል ልጅ ግን ተነሥታ አጭሩ ይሻለኛል አለች። ስትገለበጥ ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ሲሰበሰብ ያደናቅፋታል፤ ደግሞም አጭሩን ስትለብስ ቀላል ሆና ይሰማታል፤ የሚያፏጭ ካለ እሱ ይፈር።

ሰርካዲስ ከዚያው ቀይ ጨርቅ ለፈለጉት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጥብቅ ሱሪ አሰፋች። ጓድ ክፍሉ ይህን ሲሰሙ ቢሮ አስጠሯት። ሐረር ያሉትን ዳኞች አስጠይቀው ነበር፤ ረጅም ልብስ አይከለከልም፤ ነገር ግን የአንድ ቡድን ልጆች የተለያየ ከለበሱ ነጥብ ይቀነሳል።

«እንግዲያው ሁሉም ረጅሙን ይልበሱ» አሉ ዳይሬክተሩ። «የብዙኃኑ ፍላጎት ነው። ለአንዲት ልጅ ብላ ዋንጫ የምትጥል መምህርት አለች?»

ሰርካዲስ ዋንጫውን ከማንም በላይ ትፈልገው ነበር። «ይርገዱን ካስገደድኳት፣» አለች በመጨረሻ፣ «ዚነት ላይ ካደረግኩት በምን ይለያል? የልብሱ ርዝመት ብቻ ነው የተለወጠው።» ጓድ ክፍሉ አልተስማሙም፤ ሆኖም ኃላፊነቱን አንቺ ውሰጂ ብለው ለቀቋት።

የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥተው ሐረር ገቡ። አዳራሹ ውስጥ ሲሰለፉ፣ አንዳንዷ እስከ ቁርጭምጭሚት ተሸፍና፣ ይርገዱ እግሯ ተገልጦ፣ ከተመልካቹ መካከል ማጉረምረም ተሰማ። ዚነት ስትወጣ ግን ጸጥ አለ። በዚያ ቀን የሠራችውን ያዩ ሰዎች ለብዙ ጊዜ አወሩት። ማንም እጁን ወደ ልብሱ አልሰደደም። ክንዷን በጄሶ የታሰረችው አለምብርሃን ከመቀመጫዋ ሆና በጤነኛው እጇ ጭኗን እየመታች ታጨበጭብ ነበር።

ውጤት ሲነገር ሁለተኛ ወጡ። አንደኛ ከወጣው ቡድን የለያቸው ያው በልብስ የተቀነሰባቸው ነጥብ ነው።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ይርገዱ ማልቀስ ጀመረች። «እኔ ረጅሙን ብለብስ ኖሮ አንደኛ ነበርን» አለች።

አጠገቧ የነበረችው ዚነት ትከሻዋን ያዘቻት። «እኛስ አጭሩን ብንለብስ አንደኛ አልነበርንም?»

ይርገዱ ፊቷን ጠረገች።

ጓድ ክፍሉ ስለ ዋንጫው ብዙ ጊዜ አኩርፈው ቆዩ። በተከታዩ ዓመት ግን ከመጋላም ከገንደ ቆሬ ሰፈርም እናቶች ልጆቻቸውን በእጃቸው እየያዙ ወደዚያ አዳራሽ መጡ፤ ሰርካዲስም ተጨማሪ ፍራሽ ፍለጋ በየመሥሪያ ቤቱ መዞር ግድ ሆነባት።

ይህን ታሪክ የምታነቡ ወላጆችና መምህራን፣ በልጃገረድ ልብስ ላይ የምትወስኑ ሁሉ አስቡበት። አንዱ ሸፍኚ ይላል፣ ሌላው ግለጪ ይላል፤ ሁለቱም ለልጅቷ ያሰቡ ይመስላቸዋል። ልብሱን የምትለብሰው፣ በእሱ የምትዘለው፣ ብትወድቅም አጥንቷ የሚሰበረው እሷ ናት። ስለዚህ አስቀድማችሁ ጠይቋት። ስትጠይቋትም መልሷ የማያስቀጣት መሆኑን አሳዩዋት። ያለዚያ ዝም ትላለች፤ እናንተም ዝምታዋን እሺታ አድርጋችሁ ትቆጥሩታላችሁ።