ቅቤ ቅቤ የሚለው ክሮስታታ

አቶ ከተማ ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገበታ ቀርበው፣ አንድ ቁራጭ ክሮስታታ በሉና አሥር ሰዓት ሳይሞላ ሞቱ። መርማሪዋ መቶ አለቃ ንግስት፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ካለው ኬክ ቤታቸው ስትደርስ ሰፈሩ ገዳይዋን አውቆ፣ ፈርዶ ጨርሶ፣ ድንጋይ መምረጥ ጀምሮ ነበር።

«ሳቢሃ ናት መርዝ ያበላቻቸው!» ይላል አንዱ።

«ያውም በሁዳዴ!» ይላል ሌላው።

ንግስት በሩ ላይ ቆመች። እሷም ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ስትጾም ደግሞ ቁጣዋ ቅርብ ነው።

«መርዝ ስታደርግ ያየ ይምጣና ቃሉን ይስጥ» አለች። ከፊት የቆሙት ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «እንግዲያው ያላየ ሰው ቤቱ ይግባ!»

ዘመኑ 1985 ነው። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ባንድ ሰሞን ስለገቡ ጅማ ውስጥ ቀን ቀን የሚበላ ሰው ማግኘት ይቸግር ነበር። አቶ ከተማ ግን አንድ ነገር አምሯቸው ነበር። ክሮስታታ ይወዳሉ፤ ከታች ሊጥ፣ መሀሉ ላይ የዘይቱን ማርማላታ፣ ከላይ የተፈጨ አልሞንድ። ሊጡ ቅቤና እንቁላል ስላለበት ሁዳዴ በገባ ቁጥር ሃምሳ አምስት ቀን ይናፍቃቸዋል። ዘንድሮ ለጋጋሪያቸው ለሳቢሃ «የጾም ክሮስታታ ከሠራሽልኝ የምድጃ ቤቱ ቁልፍ ያንቺ ነው» አሏት። ቁልፉ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በዋና ጋጋሪው፣ በእህታቸው ልጅ በዳግማዊ እጅ ነበር።

ሳቢሃ ጓዳ ውስጥ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። የሰቶ ሰመሮ ሰፈር ልጅ ናት።

«ወላሂ ምንም አላደረግኩም! ጋሼ ከተማ እንደ አባቴ ናቸው። እኔ እንዴት…»

«መቼ ጋገርሽው?»

«ዛሬ ጠዋት። አራት ሰዓት ላይ አውጥቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ከድኜ አስቀመጥኩት። ከዚያ ለዙሁር ሶላት ወጣሁ።»

«ቀምሰሽዋል?»

«ማሎ፣ ኧረ ረመዳን እኮ ነው! በምን አፌ ልቅመስ?»

«ያለ እንቁላል ሊጡን ምን ያዘው?»

ሳቢሃ እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች። ስለ ሥራዋ ስትጠየቅ ድምፅዋ ተስተካከለ። «ተልባ። ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በውሃ ሲዘፈዘፍ ይዝለገለጋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተፈረፈረብኝ፤ ኋላ ተልባው ያዘልኝ። በቅቤው ፈንታ ደግሞ የኑግ ዘይት አደረግኩ።»

ንግስት ለልጅቷ ደኅንነት ስትል ሳቢሃን ጣቢያ አሳደረቻት። ሰፈሩ ግን «ታሰረች!» ብሎ ጨፈረ።

በማግስቱ ማለዳ ሐኪሙ የአይጥ መርዝ መሆኑን ነገራት። የተገኘው ማርማላታው ውስጥ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው አልሞንድ አልተነካም። ንግስት የተረፈውን ክሮስታታ ከነመጋገሪያ ቆርቆሮው ወደ ኬክ ቤቱ አስመጥታ መስኮት አጠገብ አገላበጠችው። ሊጡ ወጥ ቢጫ ነው፤ አንድም ቡናማ ነጥብ የለበትም። ቆርቆሮውን በጥፍሯ ፋቀችው፤ ነጭ የረጋ ስብ ወጣ። ከጓዳው የኑግ ዘይት ጠርሙስ አንስታ አዘነበለችው። ዘይቱ ሌሊቱን በብርድ አድሮ እንኳ እንደ ውሃ ይንቀሳቀሳል።

ወይዘሮ አልማዝ፣ የሟቹ ሚስት፣ ጥቁር ለብሰው ጥግ ተቀምጠዋል።

«እርስዎ አልበሉም?»

«ስኳር አለብኝ፣ ልጄ። እሱን እያየሁ ነው የጠገብኩት።»

«ሲበሉ ምን አሉ?»

«ሳቀ። ‹አልማዝ፣ ቅቤ ቅቤ ይላል እኮ! ያለ ቅቤ እንዲህ ማድረግ! እጇ ይባረክ› አለ።» ወይዘሮዋ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ከዚያ ሆዱን ያዘ።»

«ተልባ እንዳለበት ያውቁ ነበር?»

«እንዴት አላውቅም? ቆልቼ የፈጨሁላት እኔ አይደለሁ!»

ዳግማዊ ግን ገና ሳይጠየቅ ጮኸ። «ምኑን ትመረምሪያለሽ? ልጅቷ እጅሽ ላይ ናት!»

«ስለ ሥራው አስተምረኝ ብዬ ነው። ያለ እንቁላል ክሮስታታ ይሠራል?»

«ወሬ ነው! እኔ አዲስ አበባ ከባለሙያ የተማርኩ ሰው ነኝ። ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ሊጡ አይያዝም። ይፈረፈራል፣ አለቀ።»

«ሞክረኸው ታውቃለህ?»

«ምን አቃጠለኝ!» አለና ፊቱን አዞረ።

ንግስት አመስግናው ወጣች። ከዚያ ቀኑን ሙሉ በእግሯ የት የት ስትዞር እንደዋለች ሰፈሩ አላወቀም።

አመሻሹ ላይ ሁሉንም ኬክ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሳቢሃን ከጣቢያ አስመጣች። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ትናንት ድንጋይ የመረጡትን ጎረቤቶች «ኑ፣ አሁን ስሙ!» አለቻቸው።

«መርዙ ማርማላታው ውስጥ ነው» ብላ ጀመረች። «አልሞንዱ ከላይ አብሮ የሚጋገር ስለሆነ፣ ከምድጃ ከወጣ በኋላ ላዩ ሳይፈርስ መርዝ ማስገባት አይቻልም። ስለዚህ ገዳዩ ክሮስታታውን ራሱ ጋግሮታል።»

«እሷ ናታ!» አለ ዳግማዊ።

«ዝም በል! ተራህ ይደርሳል። አቶ ከተማ የበሉት ቅቤና እንቁላል ያለበት ነው፤ ተልባ የሚባል ነገር አልነካውም። አቶ ከተማ እውነታቸውን ነበር፤ ቅቤ ቅቤ ያለው ቅቤ ስለሆነ ነው። ሳቢሃ በተልባ አሳምራ መጋገር ከቻለች በኋላ ለምን ወደ እንቁላል ትመለሳለች? ወይዘሮ አልማዝም ቢሆኑ ተልባውን የፈጩት እሳቸው ናቸው፤ ሊጡን ምን እንደሚይዘው ያውቃሉ። የጾሙን ክሮስታታ አስመስሎ ለመሥራት ሞክሮ፣ ሊጡ ሲፈረፈርበት ወደለመደው የሮጠው ምስጢሩን ያልሰማ ጋጋሪ ነው። እዚህ ቤት ያለው እንዲህ ያለ ጋጋሪ አንድ ብቻ ነው። ማክሰኞ ምድጃው ያንተ ተራ ነበር፣ ዳግማዊ። ትናንት ረቡዕ፣ ሳቢሃ ለሶላት ስትወጣ የእሷን አንስተህ ያንተን ተካህ።»

«ማስረጃ የለሽም!»

«እማማ አሰገደች፣ ይግቡ።»

ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የማይጠፉት አሮጊት በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አቅፈው ገቡ። ፈታ ሲያደርጉት ግማሽ ክሮስታታ ወጣ፤ ሊጡ የተልባ ነጥብ በነጥብ ነው።

«ይሄ ልጅ ነው ትናንት ሰባት ሰዓት ላይ የሰጠኝ» አሉ ዳግማዊን እያዩ። «ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግማሹን በላሁ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ይጣፍጣል። ግማሹን ለዛሬ አስቀመጥኩት።»

«ሰው ለመግደል እጅህ አልተንቀጠቀጠም» አለች ንግስት። «ምግብ መድፋት ግን ነውር ነው ተብለህ አድገሃልና ፈራህ። ለድሃ ሰጠህ፤ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ድሆችን ስጠይቅ የዋልኩት ለዚህ ነው።»

ዳግማዊ ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። «አሥራ ሁለት ዓመት እሳት ፊት ቆሜያለሁ! ለኔ አንድ ቀን እጁ ይባረክ አላለም! ትናንት ለመጣች ልጅ፣ ለተልባ ቁልፌን ሊሰጥብኝ!»

ወይዘሮ አልማዝ ቀስ ብለው ተነሡ። ፊት ለፊቱ ሲደርሱ በጥፊ አጮሉት፤ ድምፁ ውጭ ድረስ ተሰማ።

«ከተማ ከልጅነቱ ጀምሮ ሁዳዴን አንድ ቀን ገድፎ አያውቅም! መግደሉ አልበቃህ ብሎ ጾሙን አስገደፍከው? የመጨረሻ ጉርሻውን ቅቤ አደረግህበት? አንተ ከይሲ! በዚህች ልጅ አሳበብህ!»

ፖሊሶች ዳግማዊን ይዘው ሲወጡ ሰዉ ገለል ብሎ አሳለፈው። ሳቢሃ ግን ገና ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ የጎረቤቶቿን ፊት አንድ በአንድ ታያለች። ትናንት የጮኹት ሁሉ ኬኳን ሲበሉ የኖሩ ናቸው።

ወዲያው የመግሪብ አዛን ተሰማ። ወይዘሮ አልማዝ የአሰገደችን ግማሽ ክሮስታታ አስፈቅደው ተቀበሉና ለሁለት ቆረሱት።

«እንኪ ልጄ፣ አፍጥሪ።»

«እትዬ፣ እርስዎ ስኳር አለብዎት…»

«ስኳሩ የራሱ ጉዳይ!»

ሳቢሃ «ቢስሚላህ» ብላ እያለቀሰች ጎረሰች። ወይዘሮ አልማዝም ወደ በሩ ዞሩ፣ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ እንዲያዩዋቸው ጠበቁና የራሳቸውን ጎረሱ። ቀስ ብለው አላምጠው ዋጡ።

«ቅቤ ቅቤ አይልም» አሉ። «ተልባ ተልባ ነው የሚለው። ከተማ መብላት የነበረበት ይሄንን ነበር።»