ከአንድ ሺህ በላይ

ማንያዘዋል ሁልጊዜ ስምንት ሰዓት ሲል በበትሩ ግድግዳውን እየነካካ ሃያ ሦስቱን ደረጃ ይወርድና ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሥር ካለው የኮምፒውተር ክፍል ይገባል። ማየት ካቆመ ሃያ ዓመት ስላለፈው ጨለማ ጎረቤቱ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሰው ሁሉ ሲደናበር መንገድ መሪው እሱ ነው። ክፍሉን የሚያውቀው በአቧራውና በሞቀ ፕላስቲክ ጠረኑ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር ሲያንጎራጉር በሚውለው የማሽኑ ማራገቢያ ነው።

ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነብለት የነበረው የኮምፒውተሩ ድምፅ ማጉያ ከተበላሸ ወዲህ፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የሕግ ተማሪዋ ዘነቡ ለነፍሷ ብላ ታነብለታለች። ለመመረቂያው የጻፈው ፕሮግራም አሥራ አራት መስመር ብቻ ነው። ሊበተን የሚችል አንድ ቁጥር ይወስድና ከዚያ በላይ ወደማይበተኑት ብቸኛ ቁጥሮች ይበትነዋል፤ የቁጥሩ አሃዞች ድምርና የብትኖቹ አሃዞች ድምር እኩል ከሆኑ ይጽፈዋል። ሃያ ሁለት እንዲህ ያለ ነው፤ ሁለት ሲባዛ በአሥራ አንድ፣ ወዲህም አራት፣ ወዲያም አራት። ነገ ጠዋት ሦስት መምህራን ፊት ቆሞ ይህንኑ በገዛ አንደበቱ ማስረዳት አለበት። ትምህርት ክፍሉ ሊቀበለው ሲያቅማማ፣ «እግዜር ዓይኔን ቢነሳኝ አፌን አልነሳኝም» ብሎ ተሟግቶ የገባ ሰው ነው፤ ነገ ከተንተባተበ የአራት ዓመት ልፋቱን ውኃ በላው።

ያን ዕለት ፕሮግራሙ እስከ አንድ ሺህ ሄዶ እንዲቆም ጽፎ እንዳበቃ፣ በስተቀኙ ያለው ወንበር ሲንቋቋ ሰማ። ዘነቡ ሌላ ጊዜ ገና ከበሩ «ደህና ዋልክ ወንድሜ» ትል ነበር፤ ዛሬ ዝም አለች። ፈተና ደርሶባት ይሆናል ብሎ አለፈውና ማስነሻውን ተጫነ።

«አራት። ሃያ ሁለት። ሃያ ሰባት። ሃምሳ ስምንት።»

ድምፁ የሷው ነው፤ ያ ትንሽ የሚሻክረው፣ የጎጃም ለዛ ያለው ድምፅ። እየቆየ ግን ፈጠነ። ቀስ በይ ሊላት ፈለገ፤ ቁጥሮቹ ፋታ አልሰጡትም። እሱ እስትንፋስ ሲወስድ እሷም ታርፋለች፣ ሲያስወጣ ትቀጥላለች፤ ይህን ልብ ያለው ዘግይቶ ነው። ከየት እንደሆነ ያላወቀው፣ ዝናብ ሳይነካው የረጠበ አፈር ጠረን ክፍሉን ሞልቶት፣ ጉሮሮው ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር እንደዋለ ሰው ደርቆ ነበር።

አምስት መቶ ሰማንያ ስምንት ላይ ማራገቢያው ቀጥ አለ። መብራት ሄደ ማለት ነው፤ በዚያ ግቢ ብርቅ አይደለም። «በቃ፣ ጠፋ» እስክትለው ጠበቀ።

«ስድስት መቶ ሃያ ሰባት።»

ከጠፋ ስክሪን ምን ይነበባል? ስትሳሳት ሊይዛት በጭንቅላቱ በተነው፤ ሦስት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ዘጠኝ። ወዲህም አሥራ አምስት፣ ወዲያም አሥራ አምስት። ልክ ነው። የሚከተሉትም ሁሉ አንድ በአንድ ልክ ነበሩ፤ ማስላቱን ልተው ቢል እንኳ አእምሮው አልታዘዝ አለው። ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አምስት ሲደርሱ ከዚያ ወዲያ የለም፣ ፕሮግራሙ እዚህ ያበቃል ብሎ ራሱን አጽናና።

«አንድ ሺህ ሰማንያ ስድስት።»

ሁለት፣ ሦስት፣ መቶ ሰማንያ አንድ። ይህም ልክ ነበር። እንዲህ ያለ ፍርሃት ብርሃኑን ባጣ ሰሞን እንኳ አልያዘውም። እጁን ወደ ቀኝ ሰዶ ወንበሩን ዳበሰ። መቀመጫው ባዶ ነው፤ ማንም እንዳልተቀመጠበት ቀዝቅዟል። ቁጥሩ ግን አላቋረጠም፤ አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ አንድ፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ ስልሳ አምስት።

ያኔ ከደረጃው የኮቴ ድምፅ መጣ፤ ችኩል፣ የሴት ኮቴ፣ እሱ በደንብ የሚያውቀው። በሩ ተከፈተ።

«ወንድሜ ይቅርታ፣ ስብሰባ ይዞኝ ነው የዘገየሁት» አለች ዘነቡ ከበሩ ላይ። ከዚያ ሳቅ አለች። «በዚህ ጨለማ ለማን ነው የምታነበው? ደግሞ እኔን አስመስለህ!»

ማንያዘዋል ሊመልስላት አፉን ሊከፍት ቢል፣ አፉ አስቀድሞ ተከፍቶ፣ በዘነቡ ድምፅ «አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ» እያለ ነበር።